አልመለሱትም

«ኧረ ተቀመጪ፣ ንግሥት! ምን ሆነሻል?» አለች አጠገቧ ያለችው ሴት ክንዷን ይዛ።

ንግሥት ግን ተነስታ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ስትነሳ ስትቀመጥ ነው የዋለችው። ፍራሹን ከሞሉት ሴቶች መካከል እየተረማመደች ወደ በሩ ሄደች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ደግሞ ለምን እንደመጣች ጠፋባት። ባሏ ሽፈራው ከተቀበረ ገና በማግስቱ ነው። ባል የሞተባት ሴት አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች፤ አልቃሽ ሲገባ አብራ ታለቅሳለች፤ ሲወጣ ዝም ትላለች። እሷን ግን እግሯ አላስቀምጥ አላት።

«አልወጣላትም፤ ውስጧ ነው ያለው» አለች ከሴቶቹ አንዷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ከደጅ፣ ከድንኳኑ ውስጥ፣ የኤርሚያስ ድምፅ ይሰማል። ኤርሚያስ የሽፈራው ታናሽ ወንድም ነው፤ ወልድያ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ለቅሶ ደራሽ በመጣ ቁጥር ያንኑ ነገር ከመጀመሪያው ይጀምረዋል።

«ደብተሩን ይዞ ነው የሄደ! የታደሰ፣ ማህተም ያረፈበት የጤና መድን ደብተር። ‹አዲስ ሕግ ወጥቷል፣ ይኼ ከእንግዲህ አይሠራም› ብለው መለሱት። ወንድሜን ከበር መለሱት!»

«ምን ጊዜ ላይ ደረስን?» አለ አንዱ ከንፈሩን እየመጠጠ።

«እኔስ ከእንግዲህ መድን ብሎ ነገር አላድስም» አለ ሌላው። «ሚስቴንም የሐኪም ክትትሏን ተይው ብያታለሁ። ሄዳ ከምትዋረድ እቤቷ ትቀመጥ።»

ንግሥትን ከፍራሹ የሚያስነሳት ይህ ወሬ ነበር። መልስ አፏ ላይ ይመጣና ዓይኗ ሔዋን ላይ ያርፋል። ሔዋን አንድያ ልጇ ናት፤ አባቷ ሲሞት ከዩኒቨርሲቲ ተጠርታ የመጣች። ጥግ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ንግሥት እሷን ስታይ አፏን መልሳ ትገጥማለች።

አሁንም ገጠመችውና በጓዳ በኩል ወደ ጓሮ ወጣች።

ጓሮ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር፣ ጎረቤቷ ዙልፋ የእድሩን ትልቅ ድስት ጥዳ ንፍሮ ታማስላለች። ንግሥትና ዙልፋ በአንድ አጥር ከሃያ ዓመት በላይ ኖረዋል። ሽፈራው ከሞተ ጀምሮ ዙልፋ ከዚህ ጓሮ ወጥታ አታውቅም፤ ውሃው፣ እንጨቱ፣ የእንግዳው ምግብ ሁሉ በእሷ እጅ ነው።

«አንቺ ደግሞ ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አለች ዙልፋ። «ግቢና ተቀመጪ። አብሽሪ፣ እዚህ ምንም አልጎደለም።»

ንግሥት የዙልፋን እግር ነበር የምታየው። ዙልፋ በአንድ እግሯ የራሷን ጫማ፣ በሌላው የወንድ ልጇን ሰፊ የላስቲክ ጫማ አድርጋለች። በልጁ ጫማ ውስጥ ያለው እግር በጨርቅ ተጠቅልሏል። ጨርቁ ረጥቧል።

«እግርሽ ምን ሆነ?»

«ምንም። ጫማ ልጦኝ ነው።»

«ስኳር ያለበት ሰው ጫማ ሲልጠው ምንም ይላል? ቀጠሮሽ መቼ ነው?»

ዙልፋ ማማሰያውን አንድ ሁለቴ አዞረች። «አለፈ።»

«እንዴት አለፈ?»

«ምን ልሠራ ልሂድ? ሽፈራውን የመለሱ ለኔ ቄጠማ ሊጎዘጉዙልኝ ነው?» ዙልፋ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «አላህ ይማረውና በዚህ አጥር ላይ ሆኖ ነው የነገረኝ። ‹ዙልፋ፣ አትድከሚ፣ የድሮው ደብተር ወድቋል› አለኝ። ባይነግረኝ በዚህ እግሬ በከንቱ ስንከራተት ነበር። ለሰው አሳቢ ነው ሽፈራው።»

«መርፌውንስ? ኢንሱሊኑን?»

«የቀረኝን እያብቃቃሁ ነው። አንድ ቀን ወግቼ አንድ ቀን አልፈዋለሁ።»

ንግሥት ድንገት የእሳቱ ሙቀት ከበዳት። «ዙልፋ፣ ያንቺ ደብተር ይሠራል። ሂጂ። አሁኑኑ ሂጂ።»

«በምን አወቅሽ?»

«አብረን አይደል ያሳደስነው? አንድ ሰልፍ ቆመን? ይሠራል አልኩሽ።»

«የእሱስ የታደሰ አልነበረ?» ዙልፋ ማማሰያውን ድስቱ ላይ አጋድማ የንግሥትን እጅ ያዘች። «ለኔ ብለሽ ነው፤ አውቄብሻለሁ። ግን ሽፈራው ሲዋሽ ሰምቼ አላውቅም። ደግሞስ አንቺን በዚህ ቀን ጥዬ ወዴት ልሄድ? ሠልስቱ ይለፍ፤ ከዚያ ኢንሻአላህ አንድ ነገር እናደርጋለን።»

ንግሥት እጇን አስለቅቃ ወደ ቤት ተመለሰች። ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። ተነሳች። እንደገና ተቀመጠች።

*

ሽፈራው ሲዋሽ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው በመርሳ አልነበረም። ሲፈራ ያየውም የለም።

አይሱዙ ነበር የሚነዳ፤ ከመርሳ ማንጎና ብርቱካን ጭኖ ደሴ፣ ከደሴ ሸቀጥ ጭኖ ወልድያ። አንድ ጊዜ ከውጫሌ ቁልቁል ሲወርድ ፍሬኑ እምቢ አለው። ከኋላ፣ ከጭነቱ ላይ፣ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ተሳፍረው ነበር። ረዳቱ በሩን ከፍቶ ሊዘል ሲል በአንድ እጁ ኮሌታውን ጨምድዶ ያዘው፤ በሌላው መሪውን እየጠመዘዘ፣ በማርሽ ፍጥነቱን እያፈነ፣ መኪናውን ከገደሉ በተቃራኒ ካለው የአፈር ክምር አላተመው። ሴቶቹ ወርደው እግሩ ላይ ወደቁ። እሱ የፊት መብራቱ መሰበሩን እያየ ተናደደ አሉ።

ይህን ታሪክ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ኤርሚያስ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያወራው ነው ያደገው። አባታቸው ቀድሞ ስለሞተ ያሳደገው፣ ያስተማረው፣ ሱቅ የከፈተለትም ሽፈራው ነው። ለኤርሚያስ ወንድሙ ሕመም የሚገድለው ሰው አልነበረም፤ በደል ካልሆነ በቀር።

ንግሥት ብቻ ናት ሌላውን የምታውቀው።

ብሽሽቱ ላይ ማበጥ የጀመረውን ለረጅም ጊዜ ደብቋት ነበር። ጭነት ሲያነሳ ፊቱ ሲጨማደድ አይታ ጎትጉታ ጤና ጣቢያ ወሰደችው፤ ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ላካቸው። ወልድያ ሲሄዱ ሁለቱም ፈርተው ነበር፤ በሬዲዮም በገበያም የጤና መድን ሕግ ተቀየረ፣ የድሮው ደብተር ወደቀ የሚል ወሬ ነበርና። የመድን ክፍሉ መስኮት ላይ ብሌን የምትባል ልጅ ተቀምጣ ነበር።

«የኔ እህት፣ ሕጉ ተቀይሯል ይባላል። ይኼ ይሠራል?» አለቻት ንግሥት ደብተሩን እያቀበለች።

ብሌን ገልጣ አየችው። «ከተማው ሁሉ ይህንኑ ነው የሚጠይቀኝ» አለች እየሳቀች። «እማማ፣ አዲስ ሕግ ወጣ ማለት የድሮው ደብተር ተቀደደ ማለት አይደለም። የከፈላችሁበት ጊዜ እስኪያልቅ በነበረው ትታከማላችሁ። በአዲሱ የሚሆነው ሲታደስ ነው።»

«ያን ጊዜስ ምን ይሆናል?»

«እሱን እኔም ገና አልሰማሁም። አሁን ግን ግቡ፤ ሐኪሙ እንዳይወጣባችሁ።» ማህተሟን መታ ሰጠቻቸው።

ሐኪሙ መረመረው። «ቡአ ነው» አለ። «አንጀት ነው በቀዳዳው የሚወጣው። አሁን ከሆነ ቀላል ቀዶ ጥገና ነው። ከታነቀ ግን ጊዜ አይሰጥም። ዛሬ ተኝተው ነገ ጠዋት እንሥራልዎ።»

«አስተኝታችሁ ነው የምትቀዱኝ?» አለ ሽፈራው።

«አዎ፣ ምንም አይሰማዎትም። ጨርሰን እንቀሰቅስዎታለን።»

ሽፈራው ራሱን ነቀነቀ። አመሰገነ። ሻይ ጠጥቼ ልምጣ ብሎ ወጣ። ንግሥት ጠበቀች፣ ጠበቀች፤ በመጨረሻ በባጃጅ ከተማውን ስትዞር መናኸሪያ ውስጥ፣ የመርሳ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጦ አገኘችው። «ግቢ» አላት። ሰው ፊት ልትጨቀጭቀው አልፈለገችም፤ ገባች።

ሲሪንቃ ላይ ብዙ ሰው ወረደ። ያኔ ወደ ኋላ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠና በመስኮት ወደ ውጭ እያየ ተናገረ።

«ንግሥት፣ እኔ ሰው እየነዳ ተኝቼ አላውቅም። በዕድሜዬ አንድ ጊዜ እንኳ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ራሴን ስቼ፣ ለሰው እጅ... አልችልም። አንዴ ከተኛሁ የምነሳ አይመስለኝም።»

«ሁሉም ሰው ይነሳል እኮ፣ ሽፈራው።»

«ፈራሁ አልኩሽ።» ይህን ቃል ከአፉ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያ እጇን ጭብጥ አደረገው። «ለማንም እንዳትነግሪ። ለኤርሚያስም፣ ለማንም። ሕጉ ተቀይሮ መለሱን እንላለን። ወሬው እንደሆነ አለ፤ ማን ይጠይቀናል? ማይልኝ።»

«ሽፈራው...»

«ሔዋን ትሙት በይ።»

ብላ ነበር። በልጇ ምላ ነበር። በኋላ ስንቴ ለመነችው! ከዓመት በዓሉ በኋላ፣ ከዚህ ጭነት በኋላ እያለ ገፋት። ቡአው ታንቆ ሲያመው ለቀናት ደብቋት ቆየ፤ አንድ የገበያ ቀን፣ ጋራዥ በር ላይ ከመካኒኮች ጋር እየተጨዋወተ ሆዱን ይዞ ጎንበስ አለ። ንግሥት ተጠርታ ደረሰች፤ በባጃጅ ጭነውት ከእሷ ጋር ጤና ጣቢያው በር ሲደርሱ ሞቶ ነበር።

*

ሠልስቱ ላይ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ድንኳኑ ከዳር እስከ ዳር ሞላ። ምግቡ ከተነሳ በኋላ ኤርሚያስ ቆመ። ዓይኑ እንቅልፍ በማጣት ቀልቷል።

«አባቶቼ፣ ወንድሞቼ» አለ። «የወንድሜ ደም ከንቱ እንዳይቀር እለምናችኋለሁ። ነገ ጠዋት የዚህ እድር አባል ሁሉ ደብተሩን ይዞ ወረዳው ይሂድና በራቸው ላይ ይጣልላቸው። የማያሳክም ደብተር ምን ያደርግልናል?»

«ትክክል ነው!» የሚል ድምፅ ከዚህም ከዚያም ተነሳ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሲራክ እንኳ፣ በችኮላ የማይናገሩት ሰው፣ አገጫቸውን ከበትራቸው ላይ አንስተው «እስቲ እንግዲህ...» ማለት ጀመሩ።

ንግሥት ከጓዳው በር ቆማ ነበር። ዙልፋ የተሰበሰበ ሳህን ታቅፋ በአጠገቧ አለፈች፤ አንድ እግሯን እየጎተተች። ከጨርቁ የሚመጣው ሽታ የምግቡን ሽታ አልፎ ንግሥት አፍንጫ ውስጥ ገባ። ሽታውን ታውቀዋለች፤ የበሰበሰ ሥጋ ሽታ ነው።

ወደ ወንዶቹ ድንኳን ገባች።

«አልመለሱትም» አለች።

ድምጿ ስላነሰ የሰማት ፊት ያሉት ብቻ ነበሩ። እንደገና ተናገረች። «ሽፈራውን ማንም አልመለሰውም። አብሬው ነበርኩ። ደብተሩ ሠርቷል። ማህተም መቱልን፣ አልጋ ሰጡን፣ ነገ እንሠራልሃለን አሉት። እሱ ነው ጥሎ የወጣው።»

በአስፋልቱ ላይ የሚያልፈው የከባድ መኪና ድምፅ ብቻ ተሰማ።

«ንግሥት» አሉ ጋሽ ሲራክ በቀስታ፣ «ልጄ፣ ሐዘኑ ነው የሚያናግርሽ። ግቢና እረፊ።»

«አይደለም፣ ጋሽ ሲራክ። እርስዎ ያውቁኛል፤ ባሌን በሐሰት አላማም። ፈርቶ ነው። አስተኝተው ሲቀዱኝ ሳልነቃ እቀራለሁ ብሎ ፈራ። ማፈሩን ደግሞ ከሕመሙ ይበልጥ ፈራው። ሕጉ ነው ያለው ለዚህ ነው።»

«ወንድሜ ፈሪ አልነበረም!» ኤርሚያስ ጮኸ። ወንበሩ ከኋላው ወደቀ።

«አልነበረም።»

«የውጫሌን ቁልቁለት ያለ ፍሬን የወረደ ሰው—»

«ወርዷል። ያን አልፈራም፤ ይኼን ፈራ። አንድ ነገር መፍራት አይፈቀድለትም?» ንግሥት ወደ ሰዎቹ ዞረች። «በልጄ አስምሎኝ ነው ዝም ያልኩት። ለክብሩ ብዬ ነው። ግን ሰዎች፣ እናንተ በእሱ ስም ሚስቶቻችሁን ክትትል እያስቀራችሁ ነው። ዙልፋን እዩዋት! ሽፈራው ነግሮኝ ብላ ቀጠሮዋን ትታ እግሯ ከነሕይወቷ እየበሰበሰ ነው። ምን ላድርግ? እሷንም ልቅበራት?»

ይህን ስትል ልጇ ትዝ አለቻት። ዞረች። ሔዋን ከኋላዋ ቆማ ነበር፤ መሐላውን ሰምታለች። ንግሥት ልጇ ላይ አንድ ነገር ይወርድ ይመስል ዓይኗን አፈጠጠች። ሔዋን ተጠግታ ክንዷን ያዘች። «አለሁ፣ እማዬ» አለቻት። «ይኸው አለሁ።»

ኤርሚያስ ጋቢውን ከወደቀው ወንበር አንስቶ፣ ማንንም ሳይሰናበት፣ በሰዎቹ ጉልበት መካከል እየተጋፋ ወጣ። አንዳንዶች ተከትለውት ተነሱ። ከሴቶቹም ነጠላቸውን አጣፍተው ያለ ሰላምታ የሄዱ ነበሩ። አንዷ በሩ ላይ ቆማ ንግሥት እንድትሰማ አድርጋ «የሞተ ባሏን!» አለች።

ከቀሩት መካከል መጀመሪያ የተናገሩት ጋሽ ሲራክ ነበሩ። «ታዲያ፣ ንግሥት» አሉ፣ «ደብተራችን ይሠራል ነው የምትይን?»

«የከፈሉበት እስኪያልቅ ይሠራል። ሲታደስ በአዲሱ ሕግ ነው። ያን ጊዜ ምን እንደሚመጣ አላውቅም፤ መድን ክፍሉ መስኮት ላይ የምትሠራው ልጅም አላወቀችም።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሚስቱን ክትትሏን ያስተዋት ሰውዬ መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

*

ንግሥት ዙልፋን ከማንጎው ሥር፣ ከጠፋው እሳት አጠገብ ተቀምጣ አገኘቻት። ሁሉንም ሰምታለች።

«ዋሸኝ?» አለች ቀና ሳትል።

«ዋሸሽ።»

«እኔን? ስኳር እንዳለብኝ እያወቀ?»

«ለሁላችንም አንድ ውሸት ነበር ያወራው። ከማን ጆሮ ገብቶ ምን እንደሚያደርግ ያሰበ አይመስለኝም።»

ዙልፋ ተናዳለች፤ አፍንጫዋ ይንቀጠቀጣል። ንግሥት ስድብም ቢሆን ልትቀበል ቆመች። ዙልፋ በመጨረሻ እጇን ዘረጋች፤ «አንሺኝ እስቲ» አለች። «ይማረው። ወላሂ በሕይወት ቢኖር ቁጭ አድርጌ እሰድበው ነበር።»

«ደብተርሽ የት ነው?»

«ከሳጥኑ ውስጥ። ለምን?»

«አሁን ወልድያ እንሄዳለን።»

«እብድ ነሽ? ዛሬ ሠልስት ነው! ለቅሶ ደራሽ ይመጣል፤ ባለ ሐዘኗ የት ሄደች ሲሉሽ?»

«እኔ እቀመጥላታለሁ» አለች ሔዋን ከጓዳው በር። «የመጣውን እኔ አስተናግዳለሁ። ሂዱ።»

ንግሥት ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ዙልፋን ደግፋ በአስፋልቱ ዳር ቆመች። የሚያልፉት ባጃጆች እያዘገሙ አዩዋት። የመርሳ ሰው ባሏን በቀበረች በሦስተኛ ቀን ደጅ የወጣችውን ሴት ለረጅም ጊዜ ያወራል፤ ይህን ታውቀዋለች። ሚኒባስ መጣ። ገቡ።

በሆስፒታሉ መስኮት ላይ ዛሬ ሌላ ሰው ነበር። የዙልፋን ደብተር ገለጠ፣ ቀኑን አየ፣ ማህተሙን መታ፣ ቀና ሳይል «ቀጣይ!» አለ። በቃ፤ ይኸው ነበር። ዙልፋ የተመታውን ማህተም እያየች እዚያው ቆማ ቀረች፤ ከኋላ ያለው ሰው እስኪገፋት።

ሐኪሟ ጨርቁን ስትፈታ ንግሥት ዞር አላለችም። ትንሿ ጣት ጠቁራለች፤ አጠገቧ ያለችውም። «ሁለቱን ጣቶች እናጣቸዋለን» አለች ሐኪሟ። «እግሩን ግን ደርሳችሁበታል። ሌላ ሳምንት ብትቆዩ ይህን አልልም ነበር።»

በማግስቱ ጠዋት ዙልፋን በተሽከርካሪ አልጋ ገፍተው ወሰዷት። ከበሩ ስትገባ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ እያደረገች ነው። በሩ ተዘጋ።

ንግሥት ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠች። ተነሳች። ወደ መስኮቱ ሄደች፣ ተመለሰች። ሐሳቧ አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ ቀረ፤ ሽፈራው ትክክል ቢሆንስ? በዚያ በር የገባ ሰው ባይነቃስ? ሕዝብ ፊት ያዋረደችው ፍርሃቱ ልክ ሆኖ ሳለ ቢሆንስ? በሩ ሲንኳኳ ትዘላለች፤ ሌላ ሰው ነው። በሩ ሲከፈት ትሄዳለች፤ ሌላ ሰው ነው።

ከዚያ አልጋው ወጣ። ዙልፋ ዓይኗን ጨፍና፣ ፊቷ አመድ መስሎ ተኝታለች። እግሯ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል። ንግሥት ከአልጋው እኩል እየሄደች ፊቷን ታያለች። ክፍል አስገቧት። ንግሥት ቆማ ጠበቀች። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የእሷ እግር አልተንቀሳቀሰም።

የዙልፋ ሽፋሽፍት ተርገበገበ። አንዴ ከፈተች፣ ጨፈነች፣ እንደገና ከፈተች። ጣራውን አየች። ከዚያ ንግሥትን።

«ጨረሱ እንዴ?» አለች በደረቀ አፏ።

«ጨረሱ።»

«ውሃ።»

ንግሥት ነርሷን ፈለገች። «አሁን መጠጣት የለባትም» አለች ነርሷ እያለፈች። «ከንፈሯን ብቻ አርጥቡላት።» ጥጥና በኩባያ ጥቂት ውሃ ሰጠቻት።

ንግሥት ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጠች። ሽፈራው በባጃጁ ውስጥ ጭኗ ላይ ሆኖ ውሃ ብሏት ነበር፤ አልያዘችም ነበር። ጥጡን ነከረች፣ ጨመቀች፣ የዙልፋን የታችኛውን ከንፈር ከዳር እስከ ዳር አረጠበች። እንደገና ነከረች። እንባዋ አገጯ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ሳትጠርገው፣ የላይኛውን አረጠበች።